መተርኮሻውን ማን ያነሳዋል? በባርና በሬስቶራንት ሲጋራ የመከልከል ክርክር

ይህ ክርክር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አጫሹ ነው። "ከፍዬ ነው የምጠጣው፣ ሲጋራም በሕግ የሚሸጥ ነገር ነው፣ ማንን ነካሁ?" ይላል። ሌላው የማያጨሰው ደንበኛ ነው። እሱ ደግሞ "ልበላ መጥቼ ለምን የሰው ጭስ ልማግ?" ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ፤ ካልተመቻቸው ሒሳብ ከፍለው ይወጣሉ።

እዚያው ክፍል ውስጥ ሦስተኛ ሰው አለ። ትሪ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መሃል የሚመላለሰው፣ ብርጭቆ የሚያነሳው፣ የሞላውን መተርኮሻ ወስዶ ባዶውን የሚያስቀምጠው ሰው። እሱ አንድ ሰዓት ተቀምጦ አይሄድም። ስምንት ሰዓት፣ አንዳንዴም አስርና አስራ ሁለት ሰዓት እዚያው ነው። ነገም ይመለሳል። በክርክሩ ውስጥ ግን ድምፁ እምብዛም አይሰማም፤ ምክንያቱም አሠሪው አጠገቡ ነው፣ ደንበኛውም ጉርሻ የሚሰጠው ሰው ነው።

እኔ የምለው ይህን ነው። ጉዳዩን የአጫሽና የማያጨስ ደንበኛ ጠብ አድርገን ካየነው መቼም አይቋጭም። የሥራ ቦታ ጉዳይ አድርገን ካየነው ግን አብዛኛው ነገር ይጠራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጭሱ

ሲጋራ ሁለት ዓይነት ጭስ አለው። አንዱ አጫሹ ስቦ ሳንባው ድረስ አስገብቶ የሚያወጣው ነው። ሌላው ማንም ሳይስበው ከሚነደው ጫፍ ዝም ብሎ የሚወጣው ነው። ሰው ወሬ ሲይዝ ሲጋራውን መተርኮሻው ጠርዝ ላይ ያስቀምጠው የለ? ያኔ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን ሰማያዊ ክር ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሚንሳፈፈው ጭስ 85 በመቶ ገደማው ይሄኛው ነው።

ይህ ጭስ በፊልተር አላለፈም። ሲጋራው በማይሳብበት ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፤ ትምባሆው በደንብ አይቃጠልም። ስለዚህ በዚህኛው ጭስ ውስጥ የሚገኘው የብዙዎቹ መርዛማ ነገሮች መጠን ሲጋራው ሲሳብ ከሚወጣው ይበልጣል። በአየር ስለሚበተን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ከአጫሹ ያነሰ ነው፤ እውነት ነው። ግን አጫሹ የሚስበው ለጥቂት ደቂቃ ነው። አስተናጋጁ የሚስበው ሙሉ ሺፍቱን ነው።

ይህ ዝም ብሎ የተገመተ ነገር አይደለም። በ1981 ታኬሺ ሂራያማ የተባለ ጃፓናዊ ተመራማሪ 91,540 የማያጨሱ ባለትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት የተከታተለበትን ጥናት አወጣ። ባሎቻቸው ብዙ ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ባሎቻቸው ከማያጨሱት በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጋራ አይነኩም። የትምባሆ ኩባንያዎች ጥናቱን ለማጣጣል ብዙ ደከሙ፤ ግን ከየአገሩ የመጡት ሌሎች ጥናቶችም ወደዚያው አመሩ። በ1986 የአሜሪካ የጤና ጉዳዮች ዋና ሐኪም በዚሁ ላይ ሙሉ ሪፖርት አወጣ። በ2006 የወጣው ተከታዩ ሪፖርት ቁጥሩን እንዲህ አስቀመጠው፦ ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሌላ ሰው ጭስ የሚምግ የማያጨስ ሰው በልብ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ በሳንባ ካንሰር ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። "ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም" የሚባል መጠን የለም ብሎም ደመደመ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ሲጋራ ሳያጨሱ በሌሎች ጭስ ምክንያት የሚሞቱት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ስለዚህ "ይጎዳል ወይስ አይጎዳም" የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ትሪ የያዘው ሰው

አንዲት ጓደኛዬ ለሦስት ዓመት ባር ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ሠርታለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሌሊት ስትመለስ ሸሚዟን ክፍሏ ውስጥ አታስገባውም፤ በር ላይ ትሰቅለዋለች። ፀጉሯን ሳትታጠብ ትራስ ላይ አትተኛም፣ ምክንያቱም ትራሱ ራሱ መተርኮሻ መተርኮሻ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት ሳል ነበራት። ዓመት ፈቃድ ስትወጣ ከሳምንት በኋላ ሳሉ ይጠፋል። ወደ ሥራ ስትመለስ አብሯት ይመለሳል። "ብርድ ነው" ትል ነበር። እኔም አመንኳት። ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ አንድ ጥናት ሳነብ ነው።

ጥናቱ እንዲህ ነው። በካሊፎርኒያ በሬስቶራንቶች ማጨስ የተከለከለው በ1995 ነው። ባሮች ግን እስከ 1998 መጀመሪያ ጊዜ ተሰጣቸው። ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 53 የባር ሠራተኞችን ከክልከላው በፊት መረመሩ፣ ከክልከላው በኋላ ደግሞ ከሳምንታት ቆይታ ተመልሰው መረመሩ። በመጀመሪያው ዙር 39ኙ ሳል፣ የደረት ማፏጨት፣ አክታ፣ የመተንፈስ ችግር ነበረባቸው። በሁለተኛው ዙር ከነዚህ ውስጥ 23ቱ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ሥራ አልቀየሩም። የተቀየረው የክፍሉ አየር ብቻ ነው።

አየሩ በጊዜ ያልተቀየረላቸውም አሉ። ሄዘር ክሮው የምትባል ካናዳዊት ለ40 ዓመት ያህል በአስተናጋጅነት ሠርታለች። አጭሳ አታውቅም። በ2002 የሳንባ ካንሰር እንዳለባት ተነገራት። የክፍለ ግዛቷ የኦንታሪዮ የሠራተኞች ካሳ ቦርድ በሽታው ከሥራዋ የመጣ ነው ብሎ ተቀበላት። ከዚያ በኋላ የቀራትን ዕድሜ ካናዳን እየዞረች "የመጨረሻዋ ልሁን" ስትል አሳለፈች። በግንቦት 2006 አረፈች። የኦንታሪዮ ክልከላ ሥራ ላይ የዋለው ከሞተች ከቀናት በኋላ ነው።

የአውሮፕላን አስተናጋጆችንም አስታውሱ። አውሮፕላን ውስጥ "የአጫሾች ወንበር" የሚባል ነገር ነበር፤ ያው አንድ ቱቦ ውስጥ፣ ያው አንድ አየር። የአሜሪካ የበረራ አስተናጋጆች በ1991 የትምባሆ ኩባንያዎችን ከሰሱ። በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያዎቹ ለምርምር የሚውል 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ላይተር አውጥቶ ሲጋራ መለኮስ ለማንም የሚታሰብ ነገር አይደለም። ባር ከአውሮፕላን በምን ይለያል? በር አለው ይባል ይሆናል። ለአስተናጋጇ ግን በሩ የሚከፈተው ሺፍቷ ሲያልቅ ነው።

"ካልተመቸው ሌላ ሥራ ይፈልግ"

ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። ባር ውስጥ ሌሊት የሚሠራው ማነው? አብዛኛው ወጣት ነው፣ ተማሪ ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ለግንበኛ "ሄልሜት አንሰጥህም፣ ካልተመቸህ ሌላ ሥራ ፈልግ" አንለውም። ፋብሪካ ውስጥ ከኬሚካል ጋር ለሚውል ሰው እንዲህ አንልም። የመጠጥ ቤት ሠራተኛ ሳንባ ከሌላው ሰው ሳንባ በምን ያንሳል?

ከዚህ ጠንከር ያለው ክርክር የባለቤቱ ነው። "ቤቱ የኔ ነው። አጫሽ የሚፈልግ ወደ እኔ ይምጣ፣ የማይፈልግ ጎረቤት ይሂድ። መንግሥት ምን አገባው?" ሲባል መጀመሪያ ያሳምናል። ደግነቱ ይህ ሐሳብ በተግባር ተፈትኗል፣ በስፔን።

ስፔን ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ቦታዎች ላይ ማጨስን ስትከለክል ለትንንሽ ባሮችና ሬስቶራንቶች ምርጫ ሰጠች። ከ100 ካሬ ሜትር በታች የሆነ ቤት ባለቤቱ እንደፈለገ ይወስን፣ በሩ ላይ ይለጥፍ፤ ሰውም አይቶ ይምረጥ ተባለ። ትላልቆቹ ደግሞ ለአጫሾች የተለየ ክፍል እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ምን ሆነ? አብዛኛው ትንሽ ባር "ማጨስ ይቻላል" የሚለውን ለጠፈ። አብዛኛው ሕዝብ የማያጨስ ሆኖ ሳለ ለማያጨሰው ሰው የቀረለት ምርጫ በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ይህ የሆነው ባለቤቶቹ ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ነገሩ የፍርሃት ነው። አንድ ባለቤት "እኔ ብቻ ብከለክል፣ ጎረቤቴ ባይከለክል፣ ደንበኛዬ ወደዚያ ይሄዳል" ብሎ ያስባል። ጎረቤቱም ልክ እንደዚያው ያስባል። ጓደኛማቾች አብረው ሲወጡ ደግሞ ከአራቱ አንዱ አጫሽ ከሆነ አራቱም አጫሹ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ሦስቱ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሁሉም የሚፈልገውን ነገር ማንም ቀድሞ ሊያደርገው አይደፍርም። ሁሉም በአንድ ቀን ሲከለከል ግን ማንም ከማንም ደንበኛ አይወስድም። ስፔን ይህን አይታ በጥር 2011 ምርጫውን ዘጋችው። በዚህ መሃል የተጎዱት ሕጉን አምነው፣ ገንዘብ አውጥተው የመስታወት ግድግዳ የሠሩት ሬስቶራንቶች ናቸው። እነሱን ሳስብ እናደዳለሁ። ግማሽ ሕግ አውጥቶ ሰውን ገንዘብ ካስወጡት በኋላ መቀየር ግፍ ነው። መጀመሪያውኑ ሙሉውን ማውጣት ይሻላል።

ኦስትሪያም እንዲሁ ለዓመታት በክፍል ከፋፍላ ሞክራለች። ሙሉ ክልከላው በ2018 ሊጀምር ሲል አዲሱ ጥምር መንግሥት ሰረዘው። ከዚያ ከ880,000 በላይ ሰው ክልከላው እንዲመለስ ፈረመ፣ ለዚያች አገር ሕዝብ ብዛት ግዙፍ ቁጥር ነው። ክልከላው በመጨረሻ በኅዳር 2019 ሥራ ላይ ዋለ።

ማሽኑና የመስታወቱ ክፍል

"ጥሩ የአየር ማስወጫ እንግጠምና እንገላገል" የሚለው ሐሳብ የሁሉንም ልብ ያሳርፋል። ባለቤቱ ደንበኛ አያጣም፣ አጫሹ አይባረርም፣ ሠራተኛውም ንጹሕ አየር ያገኛል። እውነት ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ።

ችግሩ ማሽኑ በደንብ የሚቀንሰው የሚታየውንና የሚሸተውን መሆኑ ነው። ሰው ጭሱ ሲሳሳ "ጠራ" ይላል። በጣም ደቃቆቹ ብናኞችና ጋዞቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት ደግሞ እነሱ ናቸው። በዚያ ላይ ሲጋራው እየተለኮሰ ነው። ማሽኑ ከላይ እየሳበ ከታች እየተጨመረ፣ በምንጩና በጣሪያው መሃል ደግሞ የሰው ፊት አለ። ይህን የሚለው የሲጋራ ጠላት የሆነ ማኅበር ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የሕንፃ አየር ደረጃዎችን የሚያወጣው አሽሬይ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ራሱ በ2005 ባወጣው አቋም፣ ቤት ውስጥ የሲጋራ ጭስ የሚያመጣውን የጤና አደጋ የሚያጠፋው ብቸኛው መንገድ ማጨስን መከልከል ነው ብሏል። የአየር ማስወጫ መሥራት ሥራቸው የሆኑ ሰዎች "የኛ ዕቃ ይህን አይችልም" ሲሉ ማመን ነው።

የተለየ ክፍልስ? እዚህ ላይ ነው መተርኮሻው የሚመጣው። ክፍሉን በመስታወት ዝጉት፣ በሩ በራሱ የሚዘጋ ይሁን፣ አየሩ ወደ ዋናው አዳራሽ እንዳይወጣ አድርጉት። እሺ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል፣ መተርኮሻው ሞልቶ አመዱ ጠረጴዛው ላይ ፈስሷል። ማን ይገባል?

ፈረንሳዮች ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ጠይቀውታል። ከ2008 ጀምሮ ባርና ሬስቶራንት ውስጥ ማጨስ ሲከለከል የተለየ የማጨሻ ክፍል ፈቅደዋል፤ ግን ክፍሉ ከ35 ካሬ ሜትር አይበልጥም፣ ውስጡ ምንም ዓይነት መስተንግዶ አይሰጥም። ለማጽዳትም ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ አየሩ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከታደሰ በኋላ ካልሆነ ሠራተኛ መግባት አይችልም። አንድ ሰዓት! ይህን መስመር ሳነበው ቆም ብዬ ነው ያሰብኩት። ሕጉ ራሱ "በማሽን የታገዘ ክፍል እንኳ ለሰው እስኪሆን አንድ ሰዓት ይፈልጋል" እያለ ነው። ታዲያ ማጨሻው ዋናው አዳራሽ በሆነበት ባር ውስጥ ያለው ሠራተኛ ያን አንድ ሰዓት ከየት ያምጣው?

ገንዘቡ

"ባሮቹ ይዘጋሉ" የሚለው ስጋት በየአገሩ ይመጣል። አየርላንድ በመጋቢት 29 ቀን 2004 በአገር ደረጃ መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ ሁሉንም ሥራ ቦታ ከጭስ ነፃ ስታደርግ ብዙ ሰው የሳቀባት ለዚህ ነው። የአየርላንድ ሕይወት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፣ ሕጉን ማን ያከብረዋል ተባለ። በጥቂት ወራት ውስጥ በተደረገው ቁጥጥር ሕጉን ያከበሩት ቤቶች ከ90 በመቶ በላይ ሆነው ተገኙ። ኒው ዮርክ ከተማ በ2003 ከልክላ ከዓመት በኋላ ስታየው ከባሮችና ሬስቶራንቶች የሰበሰበችው ግብር 8.7 በመቶ ጨምሮ ነበር። ይህ በክልከላው ምክንያት መጣ አልልም፤ ከተማዋ ከ2001ዱ የሽብር ጥቃት ድንጋጤ እያገገመች ነበር። ግን ይወድቃል የተባለው አልወደቀም።

በ2003 የታተመ አንድ ግምገማ በዚህ ጉዳይ የተደረጉ 97 ጥናቶችን አንድ ላይ አስቀምጦ መረመረ። የግብርና የሽያጭ መዝገብ ይዘው በጥንቃቄ የተሠሩት ጥናቶች ጉዳት አላገኙም። ጉዳት አለ ያሉት በአብዛኛው በግምትና በባለቤቶች ስጋት ላይ የቆሙ፣ ብዙዎቹም ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጋር የገንዘብ ንክኪ ያላቸው ናቸው። በ1998 የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከትምባሆ ኩባንያዎች ጋር ካደረጉት ስምምነት በኋላ ለሕዝብ የተከፈቱት የኩባንያዎቹ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ "የባለ ሬስቶራንቶች ድምፅ" ተብሎ ሲቀርብ ከነበረው ብዙው በትምባሆ ገንዘብ የተደገፈ ነው። በ2006 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ስለ ሌሎች ጭስ ጉዳት ሕዝቡን አታለዋል ብሎ ፈርዷል።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። አማካይ ቁጥር የሁሉን ሰው ታሪክ አይናገርም። ደንበኞቹ በሙሉ የሚያጨሱ አዛውንቶች የሆኑ፣ ውጪ መቀመጫ የሌለው፣ ከከተማ የራቀ ትንሽ መጠጥ ቤት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ተጎድቷልም። በአውሮፓ ብዙ መጠጥ ቤቶች የተዘጉት ግን ከክልከላውም በፊት በጀመረ ነገር ነው፤ መጠጥ ሱፐርማርኬት ውስጥ ረከሰ፣ ሰው ቤቱ መጠጣት ጀመረ፣ ከዚያ የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ።

የእኛም ወገን ቁጥር አጋኗል

የክልከላ ደጋፊ ስለሆንኩ ብቻ የደጋፊዎቹን ቁጥር ሁሉ አልውጥም። በ2002 ሄሌና በምትባል ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ክልከላው ለስድስት ወር ሠርቶ በፍርድ ቤት ታገደ። በነዚያ ስድስት ወራት በልብ ድካም (ሃርት አታክ) ሆስፒታል የገቡት ሰዎች በሌሎች ዓመታት በተመሳሳይ ወራት ከነበረው አማካይ 40 ወደ 24 ወረዱ። ዜናው "የልብ ድካም 40 በመቶ ቀነሰ" ተብሎ ዓለምን ዞረ። አስቡት፣ በ16 ሰው ልዩነት ነው። በኋላ በትልልቅ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ቅነሳ አግኝተዋል፤ ግን ያን ያህል አይደለም። በስኮትላንድ ዘጠኝ ሆስፒታሎች ላይ የተደረገው ጥናት 17 በመቶ ቅነሳ አግኝቷል፤ ሌሎች ደግሞ ከዚህም ያነሰ። ጉዳያችን ያለ ማጋነን የሚቆም ነው። ባልደረሰበት ቁጥር ስንከራከር ሰው እውነተኛውንም ይጠራጠረዋል።

አጫሹስ?

አጫሹ ጠላት አይደለም። ኒኮቲን ሱስ ነው፤ አብዛኛው አጫሽ ደግሞ ማቆም ይፈልጋል። ብዙዎቹ የጀመሩት ልጅ ሆነው ነው። ስለዚህ ሕጉን የሚያስከብር ሰው አጫሹን እንደ ወንጀለኛ ሲያየው ቅር ይለኛል። "እባክህ ውጪ ላይ" ማለት ይበቃል።

ቅሬታቸውም ሁሉ ባዶ አይደለም። በየምሽቱ አንድ ጥግ ተቀምጦ ከሰው ጋር የሚያወራበት ቦታ እሱ ብቻ የሆነ ብቸኛ አዛውንት አለ። ለእሱ "ውጪ ውጣ" ማለት በብርድ፣ በታመመ እግር መውጣት ነው። ሴቶችም የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፦ ለማጨስ ስንወጣ መጠጣችንን ጠረጴዛ ላይ ጥለን ነው፣ ስንመለስ ማን እንደነካው አናውቅም። ይህ እውነተኛ ስጋት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ መጠጡን ይዞ መውጣት የሚቻልበት፣ መብራት ያለው፣ ከሠራተኛው ዓይን ያልራቀ ቦታ ማዘጋጀት። በመስኮቱ ሥር እስከ እኩለ ሌሊት ወሬና ጭስ የሚገባበት ጎረቤትም አለ። እሱም ሰው ነው፤ ለበር ቅርብ የሆነው ቦታ ለማጨስ የማይፈቀደው አንዱም ለዚህ ነው።

"ባር ውስጥ ከከለከልከው ቤቱ ሄዶ ልጆቹ ላይ ያጨሳል" የሚለው ክርክር ደግሞ በጣም ያስጨንቀኝ ነበር። ምክንያቱም ትክክል ቢሆን ሠራተኛውን አድነን ልጅ ጎዳን ማለት ነው። በስኮትላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈተሹ። ክልከላው ከመጣበት ከ2006 በፊትና በኋላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ምራቅ ወስደው ኮቲኒን የተባለውን ነገር ለኩ፤ ኮቲኒን ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚተወው ምልክት ነው። መጠኑ በአማካይ 39 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ጭሱ ከባር ወጥቶ ወደ ልጆቹ አልሄደም። የሚመስለኝ፣ ሰው በአንድ ቦታ "እዚህ አይጨስም" የሚለውን ሲለምድ ሌላም ቦታ ይለምደዋል።

ባለቤቱ ብቻውን ሲሠራ

እኔን የሚያስቸግረኝ አንድ ጉዳይ ይሄ ነው። ትንሽ ባር ናት። ተቀጣሪ የላትም። ባለቤቱ ራሱ ይቀዳል፣ ራሱ ያጥባል፣ ራሱም ያጨሳል። የእኔ ሙግት በሙሉ በሠራተኛው ላይ የቆመ ነው። ሠራተኛ ከሌለስ?

ኔዘርላንድስ እዚህ ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታለች። በ2008 ከለከለች፣ በ2011 ከ70 ካሬ ሜትር ያነሱና ተቀጣሪ የሌላቸውን ባሮች ነፃ አወጣች፣ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ይህ ነፃነት አገሪቱ ከፈረመችው ዓለም አቀፍ የትምባሆ ስምምነት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በ2019 ደግሞ የተለዩት የማጨሻ ክፍሎችም እንዲሁ ይጋጫሉ ተባለ። ስምምነቱ በ2003 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የጸደቀውና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው ነው፤ ስምንተኛው አንቀጽ ሰውን ሁሉ ከጭስ ጠብቁ ይላል፣ ሠራተኛን ብቻ አይልም።

ቶኪዮ በሌላ መንገድ ሄደች። የጃፓን አገር አቀፍ ሕግ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ነባር ትንንሽ ቤቶችን በስፋታቸውና በካፒታላቸው ነፃ ሲያወጣ፣ የቶኪዮ ከተማ ደንብ ግን ስፋቱን ተወና "ተቀጣሪ አለህ ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አንድም ተቀጣሪ ካለ ቤቱ ምንም ያህል ቢጠብ ከተለየ የማጨሻ ክፍል በቀር ውስጡ አይጨስም። የአገሪቱ ሕግ ደግሞ ከ20 ዓመት በታች የሆነ ሰው፣ ሠራተኛም ቢሆን፣ ማጨሻ ቦታ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

የቶኪዮው መስመር ለልቤ ቅርብ ነው። ቢሆንም ወደ ኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት አደላለሁ። ተቀጣሪ የሌለው ባር ነገ ተቀጣሪ ይኖረዋል፤ ወይም የእህቱ ልጅ "ላግዝህ" ብላ ቅዳሜ ማታ ትመጣለች። ደመወዝ ስለማይከፈላት በሕግ ሠራተኛ አይደለችም። ሳንባዋ ግን ያው ነው።

በረንዳው

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የራሱ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፤ እዚህ አልገባበትም። ሕግ በወጣበት አገር ሁሉ ዛሬ እውነተኛው ትግል ያለው በረንዳ ላይ ነው።

የአየርላንድ ሕግ "ውጪ" ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ነግሯል፦ ጣሪያ የሌለው ቦታ፣ ወይም ጣሪያ ካለው ከዙሪያው ከግማሽ በላይ በግድግዳ ያልተከበበ። በበጋ ሁሉም ያከብረዋል። ብርድ ወይም ዝናብ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ለደንበኛው አስቦ በአንዱ ጎን ላስቲክ ያወርዳል። ከዚያ በሁለተኛው። ከዚያ በሦስተኛው፣ ማሞቂያም ይገባል። ሰው ሞቅ ሲለው ይቆያል፣ ሲቆይ ያዛል፣ ሲያዝ አስተናጋጁ ይመላለሳል። ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ያቺ በረንዳ ውስጥ ብትገቡ ዓይናችሁን ታሹታላችሁ። በወረቀት ላይ ግን አሁንም "ውጪ" ናት፤ ፈቃድ ሲሰጣት ላስቲኩ ተጠቅልሎ ነበር።

ተቆጣጣሪ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ቀን፣ በቢሮ ሰዓት ነው። መምጣት ያለበት ላስቲኩ ሲወርድ ነው፤ ቅዳሜ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አስተናጋጇ በአንድ እጇ ትሪውን ይዛ በሌላው ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ ስትገባ።